የጁምዓው ምልክት

ላይፕዚግ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ መርየም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የጀርመን ብርድ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ፣ የደሴ ልጅ ሆኜ ብርድ አስቸገረኝ ማለት ቢያሳፍረኝም።

አስቀድሜ ጥያቄዎችዎን ልመልስ። አዎ፣ በደንብ እበላለሁ። አዎ፣ ወፍራም ካልሲ ገዝቻለሁ። አይ፣ ማንም ለትዳር አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ኖሮ ከእኔ በፊት ፊርደውስ ሰምታ ትነግርዎት ነበር። ልጅዎ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ቢሮ ተቀምጣ የዓለሙን ሁሉ ወሬ እንዴት እንደምትሰማ እስካሁን አልገባኝም።

ከደሴ የመጡት እትዬ ስመኝ የላኩልኝን ዕቃ ከነመጠቅለያው አስረክበውኛል። የመሐረቦቹን ጠርዝ በእጅዎ እንደሰፉት ያስታውቃል። እዚህ ሰው አፍንጫውንም መነጽሩንም በወረቀት ነው የሚጠርገው፤ እኔ ግን ያለ መሐረብ ከቤት እንዳልወጣ አድርገው ስላሳደጉኝ አንዱ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው። ኩሉም ደርሶኛል። እናቴ ስታልፍ የተወችውን የኩል ድንጋይ ዛሬም ፈጭተው ስለላኩልኝ አላህ እርስዎን አይንሳኝ። ለጁምዓ ብቻ ነው የምኳለው። ታጥቤ መስታወት ፊት ቆሜ ስኳል እናቴ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል።

ሥራዬን ሰው ሲጠይቅዎ «መብራት ነገር» ማለትዎ ስህተት አይደለም። የምናጠናው ፀሐይ ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ስስ ሽፋን ነው፤ ጣራ ላይ እንደሚሰቀለው ሶላር ግትር አይደለም፣ እንደ ፌስታል ይታጠፋል። ውስጡ ሁለት ዓይነት ነገር ተደባልቋል። አንዱን ሰጪ፣ ሌላውን ተቀባይ እንላቸዋለን። ብርሃን ሲነካው ሰጪው አንድ ኤሌክትሮን ለተቀባዩ ያሻግራል። የተሻገረው ርቆ ከሄደ መብራት ይሆናል፤ ተመልሶ ከመጣ ግን ብርሃኑ በከንቱ ባከነ ማለት ነው። የእኔ ሥራ ያንን ኤሌክትሮን መከታተል ነው፦ መቼ ወጣ፣ የት ደረሰ፣ ለምን ተመለሰ። እርስዎ ያሳደጓት ልጅ የሰው ጉዳይ እየተከታተለች እንጀራዋን ብትበላ አይግረምዎት።

እንዴት ይታያል ላሉት፣ በዓይን አይታይም። ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ማግኔትነት ያጠፋዋል፤ ማሽናችን አያውቃቸውም። ብቻውን የቀረ ኤሌክትሮን ግን ራሱን የቻለ ትንሽ ማግኔት ነው። ሽፋኑን በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ከተን በትልቅ ማግኔት መካከል እናስገባና ማይክሮዌቭ እንለቅበታለን፤ ያኔ ብቸኛው ኤሌክትሮን መልስ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ላይ ወጥታ ወደ ታች የምትወርድ አንዲት መስመር ትታያለች። ስፒን ሬዞናንስ የሚሉት ይኸው ነው። ጥንዶቹ ዝም ይላሉ፣ ብቸኞቹ ይናገራሉ።

ይህን ሁሉ ያለ ምክንያት አልዘበዘብኩም። እስካሁን እዚህ ያየሁት ሁሉ ሌሎች ከእኔ በፊት ያዩትን ነው። ዶክትሬት ግን አንድ የራስ የሆነ አዲስ ነገር ይጠይቃል፤ የተፈቀደልኝ ጊዜ ደግሞ በሐምሌ ያበቃል። ዛሬ ከሰዓት ሽፋኑ ላይ የማበራውን መብራት ካጠፋሁ በኋላ ኤሌክትሮኑ ወደ ጥንዱ ስለሚመለስ መስመሯ መጥፋት ነበረባት። አልጠፋችም። ከማሽኑ አጠገብ ሳልነሣ ነው የምጽፍልዎ።

ልጅዎ ሱሀይላ


ደሴ፣ ፒያሳ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017

ልጄ ሱሀይላ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ካልሲውን ደርቢው።

ደብዳቤሽን ፊርደውስ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማ አመጣችልኝ። ይህንንም በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ለምን አትደዋወሉም የሚሉኝን ሰዎች ተያቸው። ጆሮዬ ከስልክ ጋር ከተጣላ ቆየ፤ አንቺ እዚያ «ሃሎ» ትያለሽ፣ እኔ እዚህ «ማን ልበል» እላለሁ፣ በዚሁ ያልቃል። ወረቀት እስኪገባኝ ድረስ ይጠብቀኛል።

ደግሞ ገባኝ! ሽቶና ሂና ሊገዛ ለመጣ ሁሉ አነበብኩለት። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ስለሺ መርፌውን እንደያዘ ቆሞ ሰማኝና «እሺ ይሁን፣ ሰጪው ግን ሰጥቶ ሲያበቃ ምን ይሆናል?» አለኝ። ወላሂ አላወቅሁትም። አንድ ነገር ከሰጠ አንድ ነገር ሊጎድለው ነው። የጎደለው ቦታ ባዶውን ይቀመጣል? ሌላ ይገባበታል? ያንን ሳትጽፊልኝ ስለሺ ከሱቄ ደጃፍ አይነሣም።

ስለ ኩሉ የጻፍሽውን አንብቤአለሁ። ደስ ካለሽ ደስ ይለኛል፤ ተኳዪበት። ዓይንሽን ግን አላመመሽም?

ያቺ ያልጠፋችው መስመር እንዴት ሆነች? ከሶላቴ በኋላ ስምሽን ጠርቼ ዱዓ እያደረግሁ ነው። የሐምሌውን ነገር ለጀሊሉ ስጪው። በጧት ጉሙ የጦሳን ተራራ ውጦታል፤ ልብስ አይደርቅም፣ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፣ ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አክስትሽ መርየም


ላይፕዚግ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017

ውድ አክስቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ለአቶ ስለሺ ይንገሯቸው፦ ጥያቄያቸው የፕሮፌሰሬ ጥያቄ ነው። ሰጪው ጋ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ያ ባዶ ቦታ እንደ ዕቃ ይቆጠራል፣ ከቦታ ቦታ ይዞራል፣ ማሽናችንም ለይቶ ያውቀዋል። ምክንያቱም የሄደው ኤሌክትሮን እዚህ ጥንድ ነበረው፤ እሱ ሲሄድ ጥንዱ ብቻውን ቀረ። ስለዚህ ሁለት ብቸኞች አሉ ማለት ነው፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ። የሚገርመው ደግሞ ከተለያዩም በኋላ ለአጭር ጊዜ የአንዱ ሁኔታ ከሌላው ጋር የተያያዘ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ነው የዚህ ሥራ ፍቅር የያዘኝ፤ ሌላው ሰው በምን እንደሚያዝ አላውቅም።

መስመሯ ደህና ናት። ዛሬም መጣች። መብራቱ ከጠፋ ከብዙ ሰዓት በኋላም እዚያው ናት። ይህ እውነት ከሆነ የተሻገረው ኤሌክትሮን ሳይመለስ የሚቆይበት ሽፋን አገኘን ማለት ነው፤ ሰው ሲፈልገው የኖረውን። ፕሮፌሰሯ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አይታ «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «አሁንም ድገሚው» አለችኝ።

አንድ የሚያበሳጭ ነገር አለ። አብራኝ የምትሠራው ሊና እኔ የሠራሁትን ሽፋን ወስዳ በእሷ ተራ፣ ማክሰኞ፣ ሞከረችው። ምንም አላገኘችም። የላቦራቶሪው ልጆች ያላግጡብኛል፤ «የሱሀይላ ምልክት ሱሀይላን ብቻ ነው የሚወደው» ይላሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ሆዴ አይስቅም።

እና አይ፣ ዓይኔን አላመመኝም፤ ኩሉ ተስማምቶኛል፣ እንዲያውም ከበፊቱ የጠቆረ መሰለኝ። ድንጋዩ ምን ያህል ቀረ? ስመጣ እኔው እፈጨዋለሁ፤ እናቴ አፈጫጩን አሳይታኝ ነበር።

ሱሀይላ


ደሴ፣ ጥር 4 ቀን 2017

ልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ለስለሺ ነገርኩት። «ስለዚህ የቀረውም ይናገራል በይኛ!» ብሎ ጉልበቱን መታ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ልብስ ሲለካ ሳይቀር ይህንኑ ነው የሚያወራው።

አውፍ በዪኝ፣ አንድ ነገር አድርጌአለሁ። ልጄ አዲስ ነገር አገኘች ብዬ ለጥቂት ሰው ነገርኩ። ጥቂት ስልሽ መስጊድ አብረውኝ ለሚሰግዱት ሴቶችና ለሰፈሩ ነው። አሁን መንገድ ላይ «የዶክተሯ አክስት» ይሉኛል። ገና ነው ብላቸው አይሰሙኝም። ጓደኛሽ አላገኘችም ስላልሽው ግን አብሽሪ፤ እኔ የምቀምመውን ሂና ሌላ ሰው ሲቀምመው አንድ ዓይነት አይወጣም። ጁምዓ ለመስገድስ ጊዜ ይሰጡሻል?

ስለ ድንጋዩ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ዛሬ ውርጹ ጣቴን ይዞኛል።

መርየም


ላይፕዚግ፣ ጥር 23 ቀን 2017

ውድ አክስቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አዎ፣ ጁምዓ ለመስገድ ጊዜ ይሰጡኛል፤ መስጊዱም ሩቅ አይደለም። እንዲያውም ጁምዓ ለእኔ የሚመች ቀን ነው። ማሽኑ ተራ አለው፤ ጁምዓ ከሰዓት ግን ሰው ሁሉ ለቅዳሜና እሑድ ስለሚሮጥ ማንም አይፈልገውም። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ያንን ተራ እኔ ወስጄዋለሁ። ከሶላት በቀጥታ በብስክሌት እመጣለሁ፤ ነፋሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ እደርሳለሁ። ቱቦውን ወልውዬ አስገባለሁ፣ መብራቱን አበራለሁ፣ አጠፋለሁ፣ ከዚያ ማሽኑ እስከ ቅዳሜ ብቻውን ይከታተላል። አጭር አጭሩን ሥራ ሰኞ እጨርሰዋለሁ፤ ረጅሙ የጁምዓ ነው።

አሁን ዜናውን ልንገርዎ። ጽሑፉ ተጽፎ አለቀ። ስሜ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሱሀይላ ዘይኑልአቢዲን ይላል። ፕሮፌሰሯ በሚቀጥለው ወር ወደ መጽሔቱ እልከዋለሁ ብላለች። ከወጣ ዶክትሬቴ አለቀ ማለት ነው፤ ካልወጣ በሐምሌ ባዶ እጄን ነኝ። ሊና አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ ትሞክራለች፣ አሁንም ምንም የለም። ፕሮፌሰሯ የእጅ ልዩነት ነው ትላለች። የሂናውን ነገር ብነግራት ከእርስዎ ጋር በተስማማች።

ለሰፈሩ ከነገሩ በኋላ ምን ይደረጋል። የነገሩትን ይመልሱ አልልዎትም፤ ሌላ እንዳይጨምሩ ብቻ።

ሱሀይላ


ደሴ፣ የካቲት 2 ቀን 2017

ልጄ ሱሀይላ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ስምሽን በወረቀት ላይ መጀመሪያ ሳየው አባትሽ ትዝ ብሎኝ አለቀስኩ። ከዚያ ለስለሺ አነበብኩለት፤ እሱም አለቀሰ፣ እሱ እንኳን በትንሹም በትልቁም ያለቅሳል።

ደብዳቤዎችሽን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ስመለከት አንድ ነገር አየሁ። የምሥራች ያለባቸው ሁሉ ጁምዓ ቀን የተጻፉ ናቸው። መስመሯ ያልጠፋችው ጁምዓ ነው። እንደገና የመጣችው ጁምዓ ነው። ሱብሃነላህ! አንቺ ሰግደሽ፣ ታጥበሽ፣ ተኩለሽ ስትገቢ በረካው አብሮሽ ይገባል። ያቺ ጓደኛሽ ማክሰኞ ማክሰኞ ብትለፋ ምን ታገኛለች? ልጅቷን ጁምዓ እንድትሞክር አድርጊያት፤ ጥሩ ልጅ ትመስለኛለች።

መርየም


ላይፕዚግ፣ የካቲት 14 ቀን 2017

ውድ አክስቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የጁምዓውን በረካ አንብቤ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ምልክቱን ያገኘሁባቸውን ቀኖች ከኮምፒውተሩ አወጣሁ፤ ሁሉም ጁምዓ ናቸው። አንድም ሌላ ቀን የለበትም።

ማክሰኞ የሊናን ተራ ለምኜ ራሴ ሞከርኩ። ያው ሽፋን፣ ያው ዓይነት ቱቦ፣ ያው እጅ። መብራቱን ሳጠፋ መስመሯ እንደማንኛዋም ጨዋ መስመር ጠፋች።

ኤሌክትሮን ቀን አይለይም። ቀን የምለየው እኔ ነኝ። ታዲያ ጁምዓ የማደርገው፣ ማክሰኞ የማላደርገው ምንድን ነው? እኳላለሁ። በብስክሌት ስመጣ እንባዬ ይፈሳል፤ እርስዎ በላኩልኝ መሐረብ ዓይኔን እጠርጋለሁ። ላቦራቶሪ ስደርስ ቱቦውን በዚያው መሐረብ እወለውላለሁ። ወረቀት ብናኝ ይተዋል ብዬ ነው፣ ለጥንቃቄ! ከመሐረቡ ትንሽ ቆርጬ ለብቻው ባዶ ቱቦ ውስጥ ከተትኩ። መብራት አላበራሁም። ያቺ መስመር፣ ስሜ የተጻፈባት መስመር፣ በጨለማ ተነሥታ ቆመች።

መብራት ከማብራቴ በፊት በጨለማ መለካት ነበረብኝ፤ የሥራው ሀ ሁ ነው። ሰኞ ሰኞ ለክቼ ነበር። ንጹሕ ነበር። ስለዚህ የጁምዓውም ንጹሕ ነው ብዬ አለፍኩት።

የባሰው ከዚህ በኋላ ነው። እርስዎ ከላኩት ብልቃጥ በመኳያው ጫፍ ትንሽ ወስጄ ለካሁ፤ መስመሯ ገዝፋ ከስክሪኑ አልፋ ወጣች። እናቴ በሕይወት ሳለች ከሰጠችኝ ትንሽ ብልቃጥ ጥግ ላይ የቀረውን ፍቄ ለካሁ። ዝም። ምንም። ልክ ነው፣ የኩል ድንጋይ ዝም ማለት አለበት፤ ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ ጥንድ ናቸው። ግን አንድ ድንጋይ በአንዱ ብልቃጥ ዝም ብሎ በሌላው እንዴት ይናገራል?

ጽሑፉ ሰኞ ይላካል። ይህን እስካሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አሁን እርስዎም አወቁ። ዝም ብል ማን ይደርስበታል? ተኩሎ በብስክሌት መጥቶ በመሐረብ ቱቦ የሚወለውል ሌላ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ይህን እያሰብኩ ቁጭ ማለቴ ራሱ አስፈራኝ። ዱዓ ያድርጉልኝ።

ሱሀይላ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 16 ቀን 2017

ልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ፊርደውስ ጋ ወርጄ ነው ያለሁት፤ እግሬን ሙቀት ይሻለዋል ብላ ነው። የሀረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሚኒባሱ በጣም ይሮጥ ነበር። ኮምቦልቻ ፀሐይ ነው።

ስለ ድንጋዩ የጠየቅሽኝን አይቼዋለሁ። የእናትሽ እጅ ያረፈበት ነገር ሁሉ እኔ ጋ በክብር ነው ያለው። ደሴ ስመለስ በደንብ እጽፍልሻለሁ። ለሰኞው ጀሊሉ መልካሙን ያመልክትሽ።

መርየም


ላይፕዚግ፣ የካቲት 17 ቀን 2017

አክስቴ፣

ዛሬ ጧት ለፕሮፌሰሯ ነገርኳት። ጽሑፉ አልተላከም።

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መሐረቡን ተቀብላ በመስኮቱ ብርሃን አየችውና «ከምን የተሠራ ነው?» አለችኝ። የኩል ድንጋይ ነው አልኳት። «ድንጋይ እንዲህ አይናገርም። ሳታውቂው አትተዪው» አለችኝና ወደ ክፍሏ ገባች። ቀሪውን ጊዜዬን በምን እንደምጨርስ አላውቅም። ሰው ፊቴን እንዳያይ ማግኔቱ ክፍል ገብቼ ዋልኩ።

አሁን ያለኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሳይንስ ብቻ አይደለም። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ቢከፋኝም ይንገሩኝ።

ሱሀይላ


ደሴ፣ ፒያሳ፣ የካቲት 21 ቀን 2017

ልጄ ሱሀይላ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ጨረቃ ከታየች ነገ ረመዷን ነው። ረመዷንን በደበቅሁት ነገር መቀበል አልፈልግም።

ድንጋዩ ባለፈው ዓመት አለቀ። እንዳያልቅ ስሳሳለት፣ ለራሴ ዓይን አንድ ቀን ሳልነካው፣ እያነሰ እያነሰ ሄዶ አንድ ቀን ሙቀጫው ውስጥ ዱቄት ብቻ ሆነ። ሌላ ድንጋይ ከገበያ ልገዛልሽ ነበር፤ ከየት እንደመጣ የማላውቀውን ነገር ዓይንሽ ውስጥ ማድረግ ፈራሁ። በረመዷን ከበላነው ተምር ውስጥ የወጣውን ፍሬ አጥቤ አስቀምጬ ነበር። ትልልቆቹ ሴቶች ድሮ ሲያደርጉት አይቻለሁ። ክረምት ስለነበር ደሴ አልደርቅ ብሎኝ ፊርደውስ ኮምቦልቻ ወስዳ ጣራ ላይ አሰጣችው። ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ከድኜ ከሰል እስኪሆን አቃጠልኩት፣ ወቀጥኩት፣ በሻሽ ነፋሁት። የተኳልሽው የተምር ፍሬ ከሰል ነው።

ልነግርሽ ነበር። ወላሂ ልነግርሽ ብዕር አንስቼ ነበር። «ስኳል እናቴ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል» የሚለው ደብዳቤሽ መጣ። ይህን አንብቦ ማን «የለም፣ ተምር ነው» ብሎ ይጽፋል? እኔ አልቻልኩም። ከዚያ በእያንዳንዱ ደብዳቤ እየከበደኝ ሄደ።

አሁን በእኔ ኩልና በእኔ መሐረብ የለፋሽበት ነገር ፈረሰ። ከሰማሁ ወዲህ ሱቁን አልከፈትኩም። ስለሺ ምን ሆንሽ ሲለኝ እግሬን ነው አልኩት። ለአስተማሪሽ ጥፋቱ የአክስቴ ነው በያት፤ ስሜንም ጻፊላት። ሐምሌ ሲደርስ ባዶ እጅሽንም ብትመጪ ቤቱ ያንቺ ነው፣ ሰፈሩንም እኔ አፉን አስይዛለሁ። ግን ዝም ሳትዪ ስለተናገርሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ላንቺ ብዬ ዝም ብዬ የሆነውን አየሽ።

አውፍ በዪኝ።

መርየም


ላይፕዚግ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017

ውድ አክስቴ መርየም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ረመዷን ሙባረክ። ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ተኩያለሁ። ሥራዬን ከሶላት በፊት ስለጨረስኩ አያስቡ።

አውፍ ብያለሁ፤ እርስዎም በመዘግየቴ አውፍ ይበሉኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ አለቀስኩ፣ አልዋሽዎትም። ድንጋዩ ማለቁ አንድ ነገር ነው፤ እርስዎ ለብቻዎ ሲያልቅ ማየትዎ ነው ያስለቀሰኝ። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ሳቅሁ። ይህ ሁሉ ማሽን፣ ይህ ሁሉ ማግኔት ተሰብስቦ፣ መጀመሪያ ያገኘው ነገር እርስዎ የደበቁኝን ነገር ነው።

ከሰሉ ለምን እንደሚናገር ልንገርዎ፦ ፍሬው ሲቃጠል ብዙ ነገሩ ተሰባብሮ ይወጣል። ጥንድ የነበሩ ብዙ ኤሌክትሮኖች ጥንዳቸውን ያጡና ከሰሉ ውስጥ ብቻቸውን ይቀራሉ። እዚያው ተይዘው ለዓመታት ይቆያሉ፣ ብርሃን አይጠይቁም። ለዚህ ነው መብራቱ ሲጠፋ ያልጠፉት።

አሁን ስለ ሐምሌው። የጁምዓዎቹን ሁሉ ጥዬ የቀረውን ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁት፤ ይህን ጊዜ ሁሉንም በጨለማ ለክቼ። ትንሽ ነገር ተገኘ። ኤሌክትሮኑ ይመለሳል፣ ግን በእኛ ሽፋን ውስጥ በወጣበት በር አይደለም የሚመለሰው፤ በሌላ በር ይገባል። ፕሮፌሰሯ አየችውና «ለዶክትሬት ይበቃል፣ ለጉራ አይበቃም» አለች። ሱቁን ይክፈቱ። ለሰፈሩ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይንገሩ።

ስምዎንም ጻፍኩ፤ እርስዎ ባሰቡት ቦታ ግን አይደለም። ማሽኑ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ በየቀኑ መጀመሪያ የሚገባ፣ መልሱ የታወቀ ናሙና ያስፈልገናል። የድሮው ተሰብሮ ነበር። ሊና የእርስዎን ኩል በቀጭን ቱቦ ከታ በእሳት አሸገችው፤ ወረቀት ለጥፋ «መርየም» ብላ በላቲን ፊደል ጻፈችበት። ከእናቴ ብልቃጥ የፋቅሁትን ደግሞ በሌላ ቱቦ አሸግነው። እሱ ላይ ደግሞ የእናቴ ስም አለ፣ «ሰዓዳ» ይላል። ጧት ጧት መርየም ስትገባ ማሽኑ መስማት እንደሚችል እናውቃለን። ቀጥላ ሰዓዳ ስትገባ የማሽኑ ቤት ንጹሕ መሆኑን፣ የማንም ቆሻሻ በመካከል እንደማይናገር እናውቃለን። ከሁለቱ በፊት ማንም የራሱን ሥራ አይጀምርም። መሐረብ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያም ተለጥፏል፣ እሱን ለእርስዎ ባልናገር ይሻል ነበር።

ልጅዎ ሱሀይላ


ደሴ፣ ፒያሳ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017

ልጄ ሱሀይላ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንኳን ለዒዱ አደረሰሽ። ሱቁ ተከፍቷል። ደብዳቤሽን ለስለሺ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት፤ ለሰፈሩ ግማሹን ንገሪ ያልሽውን ግን አልቻልኩበትም። ሙሉውን ነገርኳቸው፣ ተምሩንም ውሸቴንም። ውጤቱን ልንገርሽ፦ በረመዷኑ መጨረሻ ሴቶቹ የተምር ፍሬያቸውን በላስቲክ ቋጥረው ያመጡልኝ ጀመር፣ «ለልጅቷ ማሽን» እያሉ። ይበቃል ብል የሚሰማኝ የለም። አሁን አንድ ጆንያ ሙሉ ፍሬ ኮምቦልቻ ፊርደውስ ጣራ ላይ ተሰጥቷል፤ ምን እንደማደርገው ጻፊልኝ።

የማስታወቂያውን ነገር ሰምቻለሁ። መሐረብ መስፋቴን አላቆምም፤ ለዓይንሽ ይሁን።

ስለ ሁለቱ ቱቦዎች ያልሽው ሌት ተቀን ከሐሳቤ አልወጣም። እናትሽ እንደዚያ ነበረች። ሙሉ ቀን አብረሻት ውለሽ ሁለት ቃል ብታወጣ ነው፤ ግን እሷ ቤት ስትኖር ቤቱ እንደሚጸዳ እኔም አውቀዋለሁ። እኔ ደግሞ ለፍላፊ ነኝ፣ ሀገር ያውቀዋል። ማሽናችሁ አይቶን የማያውቅ፣ እንዴት ለየን?

አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉልኝ። ጧት ጧት ስታስገቡን እሷን አስቀድሙ። እኔ አንዴ ከጀመርኩ ማን ይሰማታል?

አክስትሽ መርየም